ባነር የለበሰው ፈረስ

«ጋሽ ደምሴ አረፉ» ብሎ የነገረኝ ደንበኛዬ የሆነ ባጃጅ ነጂ ነው። እኔም እንደ ሰው ደረቴን በመምታት ፈንታ «ማን ነገረህ? በዓይንህ አይተሃል?» አልኩት። ሰውየው ደነገጠ። «ኧረ እትዬ ሰናይት፣ በሞት ይቀለዳል እንዴ?» ብሎኝ ሄደ። ከአፌ የወጣው የራሳቸው የጋሽ ደምሴ ጥያቄ መሆኑን ያስተዋልኩት ኋላ ነው። ስምንት ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ አብሬያቸው ስሠራ፣ መሳሉን ሳልማር ጥርጣሬውን ተምሬ ቀረሁ። ምን ላድርግ፣ ከሰው የሚጋባው ነገር ተመርጦ አይደለም።

አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያ ወደ ላይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ባነርና ቲሸርት የማትምባት ትንሽ ቤት አለችኝ። የምርቃት ባነር፣ የሠርግ ባነር፣ በቆጂ ለሚሮጡ ልጆች ስም የተጻፈበት ቲሸርት፤ በአማርኛም በኦሮምኛም እንሠራለን። ጋሽ ደምሴ ከእኔ ማሽን በፊት የነበሩ ሰው ናቸው። በከተማው ሥጋ ቤት በር ላይ የቆመ በሬ፣ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ ያለ ጎፈሬ፣ ጋሪ ጀርባ ላይ ያለ አንበሳ፣ አብዛኛው የእሳቸው ብሩሽ ሥራ ነበር። ባነር ሲመጣ ብሩሹ ሥራ ፈታ። አንድ ሰኞ ጠዋት ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ገቡና በሩ አጠገብ ቆመው ማሽኑን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እንጀራዬን የነጠቀኝ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

«በይ እንግዲያው አስተምሪኝ። ጠላትን ከሩቅ ሆኖ አይችሉትም።»

ዕድሜያቸው ያኔ ወደ ስልሳ ይጠጋ ነበር። ማውሱ አልታዘዝ ብሏቸው ሦስት ቀን ሙሉ ሲሰድቡት ዋሉ። ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ የመሳያ ሰሌዳና ብዕር ሳመጣላቸው ግን እጃቸው ቤቱን አገኘ። በሦስት ወር ውስጥ እኔን አስተማሪያቸውን ጥለውኝ ሄዱ።

ጥርጣሬያቸው ግን፣ አይ ጋሽ ደምሴ! «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን እኛ ለቀልድ እንለዋለን፤ እሳቸው ይኖሩበት ነበር። ጠረጴዛቸውን ጥግ ላይ አስደርገው፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ሰው ሲገባ መዳፋቸው እስክሪኑ ላይ ትሄዳለች። ፍላሻቸውን ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። ሻይ ከጎረቤት ሲመጣልን የእኔንና የእሳቸውን ብርጭቆ ይቀያይሩታል። «እኔን ነው የሚጠረጥሩት?» ብዬ ብቆጣ «አንቺን አይደለም፣ ሻዩን ነው» ይሉኛል። አንድ ጊዜ የሠርግ ባነር ሊያሠራ የመጣን ሙሽራ «ልጅቷ ታውቃለች?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ተናዶ ሌላ ቤት ሄደ። እኔም ተናድጄ ሁለት ቀን አላናገርኳቸውም። በሦስተኛው ቀን «ዝምታሽ አላማረኝም፤ ምን እያሰብሽ ነው?» አሉኝ። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ተኳርፎ መቆየት እንኳ አይቻልም።

ያለ ምክንያት ግን አልነበረም፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። በወጣትነታቸው አንዲት የገጠር ከተማ መግቢያ ላይ የሚቆም ትልቅ «እንኳን ደህና መጡ» የሚል ሰሌዳ ሳሉ። ጭላሎ ተራራ፣ ከሥሩ የገብስ ማሳ፣ መሐል ላይ ፈረሰኛ። ሁለት ወር ፈጀባቸው። ሰሌዳው የተመረቀ ዕለት መድረክ ላይ ተጠርቶ የተሸለመው ግን ሌላ ሰው ነው። ጠጋ ብለው ቢያዩ፣ ጥግ ላይ የጻፉት ስማቸው በነጭ ቀለም ተሸፍኖ የዚያ ሰው ስም ተጽፎበታል። «ነጩንም ቀለም የገዛሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «በራሴ ቀለም ነው ያጠፉኝ።» ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ሥራቸው ላይ ስማቸውን ጽፈው አያውቁም።

የእኛ ሙያ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተመቸ ነው። ደንበኛ «ዲዛይኑን ላኪልኝና ልየው» ይልሻል። ስትልኪለት ወስዶ ሌላ ቤት ያሳትመዋል። ስለዚህ ዋናውን ፋይል ማንም አይሰጥም፤ የደበዘዘ ቅጂ ላይ የቤታችንን ስም አግድም ጽፈንበት ነው የምናሳየው። ለጋሽ ደምሴ ይህ አልበቃቸውም። በእያንዳንዱ ሥዕል ውስጥ ሆን ብለው አንድ ስሕተት ይደብቃሉ፤ ቀዳዳ የሌለው የሸሚዝ ቁልፍ፣ ጥላ የሌለው የወንበር እግር። «ሌባ ሲገለብጥ ስሕተቴንም ይገለብጣል፤ ያን ጊዜ አንገቱን እይዘዋለሁ» ይላሉ። ከዚህ የባሰም መላ ነበራቸው። በኮምፒውተር ሲሳል ሥዕሉ በንብርብር ነው የሚቀመጠው፤ ሰማዩ ለብቻ፣ ሰውየው ለብቻ፣ ጥላው ለብቻ። እኛ ሌየር እንለዋለን። ሥዕሉ በማን እጅ፣ እንዴት እንደ ተሠራ የሚያሳየው እሱ ነው። ጋሽ ደምሴ ሥራው ሲያልቅ ንብርብሩን ሁሉ አንድ ላይ ይጨፈልቁና የመጨረሻውን ምስል ብቻ በፍላሻቸው ይዘው፣ የሥራውን ፋይል ከነሥሩ ያጠፉታል። «የሌለ ነገር አይሰረቅም» ይላሉ።

ፈረሱ የመጣው በአንድ ሐምሌ ነው። አሰላ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ከላይ ብቻ አይደለም የሚመጣው፤ ከጎንም ይመጣል። ከቤታችን ፊት ለፊት ጋሪ ቆመ። ባለ ጋሪው ፈረሱ እንዳይበርደው አሮጌ ባነር አልብሶታል። ባነሩ የእኛው ነው፤ የምርቃት ባነር። «እንኳን ደስ አለህ» የሚለው ጽሑፍ በፈረሱ ጎን ላይ ተጣጥፎ ወርዷል፤ የተመራቂው ፊት ከነቆቡ የፈረሱ ታፋ ላይ አርፎ፣ ዝናብ እየወረደበት ይስቃል። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ጋሽ ደምሴ አልሳቁም። ደብተራቸውን ይዘው በረንዳው ላይ ቆሙና መሞነጫጨር ጀመሩ። ባለ ጋሪው አያቸውና «ማል በርባዳ?» ብሎ ጮኸ፤ ምን ፈለግህ ማለቱ ነው። ሊከሱት የሚመዘግቡት መስሎታል። እሳቸውም በኦሮምኛ መለሱለት፤ ተጨቃጨቁ፣ ማሉለት፣ ደብተሩን አሳዩትና ተለያዩ። ሲገቡ ፊታቸው በርቷል።

«ጠርጣራ ሰው ነው» አሉኝ። «ወደድኩት።»

ያንን ሥዕል ሃያ ቀን ሠሩት። ሲያልቅ ፈረሱም ተመራቂውም አሉ፣ ሳቁ ግን ከውስጡ ጠፍቷል። ያ ልጅ ተምሮ ተምሮ የደረሰበት ቦታ እዚያ ታፋ ላይ ነው? እንዲህ ያለ ነገር አሰላ ውስጥ ተቀብሮ ይቅር? አልቻልኩም። በዚያው ሰሞን ቴሌግራም ላይ ስለ አንድ ዓለም አቀፍ የዲጂታል ሥዕል ውድድር አይቼ ነበር። የተመረጡት ሥዕሎች ውጭ አገር፣ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳ በሚያህል እስክሪን ይታያሉ። መመዝገቢያው በነጻ ነው።

«በነጻ?» አሉ ጋሽ ደምሴ። «በነጻ በሚጠሩበት ድግስ የሚታረደው ተጠሪው ነው።»

«ኧረ ጋሼ፣ የሰው አገር ሰዎች ናቸው፣ እርስዎን ምን ብለው ያርዳሉ?»

«እሱን ነው የምልሽ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። እነዚህን ማን ያውቃቸዋል?»

ሳምንት ሙሉ ተከራከርን። ቅጹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። የትውልድ ዘመን ሲጠይቅ «ምን ያደርግላቸዋል? ሊድሩኝ ነው?» አሉ። አድራሻ ሲጠይቅ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱ። ተስፋ ቆርጬ የመጨረሻዎቹን ደንቦች እንዲያው ለራሴ ጮክ ብዬ ሳነብ «የሠዓሊው ስም ከሥዕሉ ሥር ይጻፋል» የሚለው ላይ ስደርስ፣ ከበሩ ተመለሱ።

«እስቲ ድገሚው።»

ደገምኩት። ገጹን አሳትመውኝ ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። በማግሥቱ ጠዋት ወሬ ደረሰኝ፤ ያን ወረቀት ይዘው ጎረቤታቸው የእንግሊዝኛ አስተማሪው መምህር ከድር ጋ ሄደው እንደገና አስተርጉመውታል። በጣም ነው የተናደድኩት። እሳቸው ግን ገብተው ተቀመጡና «ያነበብሽው ልክ ነው» አሉኝ። በእሳቸው ቋንቋ ይህ ምርቃት ነው። የመላኪያውን ቁልፍ ልጫን ስል እጄን ያዙኝ፤ «በስመ አብ» ብለው አማተቡና ራሳቸው ተጫኑት።

ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ። ሥዕሉ ለዐውደ ርእዩ ታጭቷል ይላል። እልል ልል አፌን ስከፍት ከሥር ያለውን አየሁት። ዳኞቹ ሥዕሉ በሰው እጅ ሳይሆን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ እንዳይሆን ይጠረጥራሉ። የፈረሱ ልጓም አንዱ ጠፍር ከየትም ሳይነሣ፣ የትም ሳይደርስ አየር ላይ ይቀራል፤ እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራው ማሽን ነው ብለዋል። ስለዚህ የሥራው ፋይል ከነሌየሩ በአሥር ቀን ውስጥ ይላክ፤ ካልተላከ ሥዕሉ ይሰረዛል።

ጋሽ ደምሴ ጠፍሩን ያውቁታል። ለሌባ ያጠመዱት የራሳቸው ስሕተት ነው።

«እኔን?» አሉ። «እኔን ጠረጠሩኝ?»

ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው ሲጠረጠር እንዲህ ይከፋዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ጮኹ። «አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ! ፋይሉን ሊወስዱ ፈልገው ነው!» አሉ። አበረድኳቸውና «ጋሼ፣ ለመሆኑ ፋይሉ አለ?» አልኳቸው። አንገታቸው ላይ ያለውን ፍላሽ ያዙት፣ ለቀቁት።

«አጥፍቼዋለሁ።»

እያዩኝ ልሣለው፣ በቪዲዮ ይቅረጹኝ ብለው አጻፉኝ። በሁለተኛው ቀን መልስ መጣ፤ የመጀመሪያው ፋይል ካልሆነ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ጋሽ ደምሴ ሌላ ሰው ሆኑ። ሰው ሲገባ መዳፋቸው እስክሪኑ ላይ መሄድ አቆመች። የመጣላቸውን ሻይ ሳይቀያይሩ ይጠጡታል። ይህን ሳይ ነው የፈራሁት። በስድስተኛው ቀን ዝናብ ወደሌለበት ሰማይ እያዩ ጠሩኝ።

«ሰናይት፣ ስሠራው አይተሻል አይደል?»

«ሃያ ቀን ሙሉ!»

«የሠራሁት እኔ ነኝ?»

«ጋሽ ደምሴ! ምን ነካዎት?»

«እንጃ» አሉ። «አንድ ጊዜ ስሜን ሲያጠፉት ሌቦች ናቸው አልኩ። ሁለተኛ ሲጠፋ ግን ሰው ራሱንም ይጠረጥራል።»

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። ያ ፋይል ነበረ። እኔ ጋ ነበረ። ጋሽ ደምሴ ሥራ በጀመሩ ሰሞን፣ ኮምፒውተር የሚጠግንልኝን ሰው ጠርቼ፣ በእሳቸው ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ ሥራ ሁሉ በተደበቀ ፎልደር ውስጥ በራሱ ቅጂ እንዲያስቀር አስደርጌው ነበር። ለምን? ጠርጥሬያቸው ነዋ! አንድ ቀን ተነሥተው ሌላ ማተሚያ ቤት ይገባሉ፣ ደንበኞቼንም ዲዛይኑንም ይዘውብኝ ይሄዳሉ ብዬ ሰጋሁ። እሳቸው ሲያጠፉ እኔ ሳስቀር ስድስት ዓመት አልፎን ነበር። የፈረሱ ሥዕል ከመጀመሪያው መሥመር ጀምሮ፣ የተሰረዘው እግር፣ የተቀየረው ሰማይ፣ ያ ጠፍር የገባበት ቀን ሳይቀር እዚያ አለ። ልላከው ካልኩ፣ ከየት አመጣሽው ይሉኛል። ያን ሁሉ ዘመን ሌባ ሲጠብቁ ሌባዋ አጠገባቸው ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ እንደ ነበር ያውቃሉ። ካወቁ ደግሞ ካፖርታቸውን ለብሰው ይወጣሉ፣ አይመለሱም። ካልላክሁት ስማቸው ይቀራል። እህል አልበላ አለኝ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቁምሳ ሊበሉ ሲወጡ ጠብቄ፣ ፋይሉን ከአንድ የምስክርነት ደብዳቤ ጋር ላክሁት። ከላክሁት በአራተኛው ቀን «ተቀብለናል፣ ይቅርታ እንጠይቃለን፣ ሥዕሉ ይታያል» የሚል መልስ መጣ። ጮኼ ነገርኳቸው።

«ምን አድርገሽ?» አሉ።

«ደብዳቤ ጻፍኩላቸው። ሲሠሩት በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ መሰከርኩ።»

«በቃልሽ አመኑ?»

«አመኑ።»

«እንዲያው በቃልሽ ብቻ?»

«አመኑ አልኩዎት እኮ!»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «እንግዲህ ደጎች ናቸው» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ሽልማት አላገኙም። ከአዳራሹ ግን ፎቶ ተላከልን። ፈረሱ ግድግዳ አክሎ፣ ሰዎች ከፊቱ ቆመው፣ ከሥሩ በእንግሊዝኛ ፊደል ስማቸው ከነአባታቸው ተጽፏል። ጋሽ ደምሴ ፎቶውን አሳድገው አሳድገው የእያንዳንዱን ሰው እግር መረመሩ። «የተቀናበረ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «የሁሉም ጥላ በአንድ በኩል ነው የወደቀው።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው በካፖርታቸው እጅጌ ዓይናቸውን ጠረጉ። ያን ዕለት አሰላን ዞረው ነገሩ። ለባለ ጋሪው፣ ለመምህር ከድር፣ ለሥጋ ቤቱ፤ «የማያውቁኝ ሰዎች በአንዲት ሴት ቃል ብቻ አመኑኝ» እያሉ። በነገሩ ቁጥር እኔ እሸማቀቃለሁ። በሕይወታቸው አንድ ነገር ቢያምኑ እሱም የእኔ ውሸት ሆነ እላለሁ።

ከዚያ ሁለት ዓመት አልቆዩም። ለቅሶ ድንኳን ውስጥ መምህር ከድር ያንኑ ታሪክ ለለቀስተኛው ሲያወራ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እንባ እንኳ እምቢ አለኝ።

ቀብሩ ካለፈ በአምስተኛው ቀን ብቸኛ ልጃቸው ቤዛዊት ሱቅ መጣች። አዳማ የምትኖር አስተማሪ ናት፤ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ያየኋት። ነፍስ ይማር ተባብለን ተቀመጠች። ከቦርሳዋ አዲስ ሃርድ ዲስክ አወጣች።

«እትዬ ሰናይት፣ የአባቴን ሥራዎች ልወስድ ነው የመጣሁት።»

«አባትሽ እኮ ሁሉንም ያጠፉት ነበር» አልኳት። ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

«እሱ አጥፍቷል። እርስዎ ግን አላጠፉም።»

ክው አልኩ። «ማን ነገረሽ?»

«እሱ ነዋ! አባቴ አንድ ኮምፒውተር ሳይፈትሽ ስምንት ዓመት የሚቀመጥበት ይመስልዎታል? ፎልደሩን ገና በመጀመሪያው ዓመት ነው ያገኘው።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«እኔም ጠይቄው ነበር። ‹አንድ ሰው እንኳ ሥራዬን ልስረቀው ብሎ ይመኘው እንጂ!› ብሎ ሳቀ። ‹ብነግራት ታፍርና ትተወዋለች፣ እኔ ደግሞ ማጥፋቴን አልተው፤ ማን ይይዘው ነበር?› ነው ያለኝ።»

አንድ ነገር ግን መጠየቅ ነበረብኝ። «ያ ደብዳቤ ሲመጣስ? ፋይሉ እኔ ጋ እንዳለ እያወቁ፣ ስማቸው ሊሰረዝ ቀን ሲቆጠር፣ ምነው አምጪው ያላሉኝ?»

ቤዛዊት ሃርድ ዲስኩን በጣቷ አዞረች።

«‹ትልከዋለች ወይስ አትልከውም ብዬ ጠበቅኳት› ነው ያለኝ። ‹ዘጠኝ ቀን ፈጀባት፤ ግን ላከችው› አለኝ።»

ዕድሜ ልካቸውን የተመኙትን ስማቸውን እኔ ላይ ጥለው፣ ያችን ጥግ ይዘው፣ ሻያቸውን ሳይቀያይሩ ሲጠብቁኝ ነበር ለካ! ድንኳን ውስጥ እምቢ ያለኝ እንባ ያን ጊዜ መጣ። ቤዛዊት ወንበሯን ወደ እኔ ሳበች፤ እኔም እያለቀስኩ ፎልደሩን ከፈትኩላት። ሥራቸው ተገልብጦ እስኪያልቅ ከሰዓት ሆነ። ዛሬም ያቺን ጥግ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ነው የሚያንገበግበኝ፤ ምነው በመጀመሪያው ቀን በላክሁት ኖሮ።